የማሽላ መስመር

የልጄ ባል ሳሎናችን ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በእጁ ነክቶት የማያውቀውን ወርቅና ረግጦት የማያውቀውን አገር ገንዘብ ዋጋ ሲከታተል ይውላል። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ የሚንቀጠቀጥ መስመር አለ። እሱ በዚያ ሥር ሌላ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ያሰምራል። እኔ ከጎኑ ሆኜ ምስር እለቅማለሁ። ባለፈው አንዲት ቦታ ነካ ሲያደርግ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ የቆመው ጠመዝማዛ ድንገት ተቃና፤ ከዳር የተደረደሩት ቁጥሮችም ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር እየተጠጋጉ መጡ። ትሪውን አስቀመጥኩና "ይሄማ የእኔ ወረቀት ነው" አልኩት።

ሳቀ። ሎጋሪዝም የሚባል ነገር መሆኑን በትዕግሥት ሊያስረዳኝ ጀመረ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ አላቋረጥኩትም። ሁለት ዝቅታዎችን አገናኝቶ መስመሩን ወደፊት ሲስበው ግን አላስቻለኝም፤ ሁለት ነጥብማ ማንም ያገናኛል፣ ሦስተኛው ራሱ መጥቶ መስመሩን ካልነካው መስመር አይባልም አልኩት። ዞሮ አየኝና ይህን ከየት እንደተማርኩት ጠየቀኝ። ከመሥሪያ ቤት ነው ብዬ ወደ ምስሬ ተመለስኩ። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የገበያ ዋጋ በሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ገበያ ለገበያ እየዞርኩ የእህልና የከብት ዋጋ መጠየቅ ነበር። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን እህል ተመን ነበረው። መንግሥት ከቆረጠው ዋጋ በላይ ሲሸጥ የተገኘ ነጋዴ እህሉ ይወረሳል፣ ራሱም ይታሰራል፤ ጆንያ ጭኖ ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የሚያልፍም ኬላ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ደብተር ይዛ የምትመጣ የመንግሥት ሠራተኛ በየገበያው በምን ዓይን እንደምትታይ መገመት አያቅትም። ደብረ ሲና ላይ አንዱ ነጋዴ ከሩቅ ሲያየኝ "ጆሮዋ መጣች" ይል እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚከፋኝ ሰው ነኝ። ሰላይ አለመሆኔን ለማሳየት አኩርፌ እጠይቃለሁ፤ እነሱም አኩርፈው ይመልሱልኛል። ሁላችንም ተኳርፈን ዋጋው ይጻፋል።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታቸው የቀረበ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቋቸውን ያሳረፉበትን የወረቀት ክምር ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ይሄን ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ። ካሬ ወረቀት ነው፤ ግን አግድም የተሰመሩት መስመሮች ከታች ሰፋ፣ ወደ ላይ ጠበብ እያሉ ይሄዱና ጫፉ ላይ ሲደርሱ ይጨናነቃሉ። አታሚው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እንዲህ ብለው አስረዱኝ፦ በተራው ወረቀት ላይ ከአንድ ብር ወደ ሁለት ብር ያለው ርቀት ከአሥር ወደ አሥራ አንድ ካለው ጋር እኩል ነው፤ በዚህኛው ግን ከአንድ ወደ ሁለት ያለው ከአሥር ወደ ሃያ ካለው ጋር እኩል ይሆናል። ለገዢ ሐቁ የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። ሁለተኛው ነው አልኩ፤ በሁለቱም ጊዜ የሰውየው ገንዘብ የሚገዛለት ግማሹን ብቻ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ዕድሜ ልኬን አብሮኝ ኖሯል። ዋጋ በየወሩ በእኩል እጅ፣ ማለት በተመሳሳይ መቶኛ፣ እየናረ ከሄደ በዚህ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል። በተራው ወረቀት ላይ መጀመሪያ የተኛ ይመስልና ኋላ ገደል ይሆናል፤ ሰውም የሚነቃው ገደሉ ሥር ሲደርስ ነው። እዚህኛው ላይ ግን ገና በሦስተኛው ወር ይታወቃል። ስለ ሦስተኛው ነጥብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ወረቀቱን ወደድኩት። በየሁለት ሳምንቱ ከገበያ ስመለስ፣ እርሳሴን በምላጭ አሹዬ፣ የእንጨት ማስመሪያዬን በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ፣ ዝቅ ያሉትን ነጥቦች ከሥር የሚደግፍ መስመር አሰምር ነበር። ጤፍ ለብቻ፣ ገብስ ለብቻ፣ ባቄላ ለብቻ፣ ማሽላ ለብቻ። ጓደኞቼ የሹራብ ጥለት ሲለዋወጡ እኔ የበሬን ዋጋ እያየሁ ሰዓቱ ይሄድብኝ ነበር። እጄ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትዕቢትም ነበረብኝ፣ አልዋሽም።

ከምዞርባቸው ገበያዎች ሩቁ አሊዩ አምባ ነበር። እስከ አንኮበር በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር እሄድና እዚያ ወንድሜ ቤት አድሬ፣ ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ። ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። እንደ አባታችን ቄስ ነው፤ እየቀደሰም እያረሰም ይኖራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ሲቀስስ አንቱ ልለው ሞክሬ ስለሳቀብኝ ተውኩት። ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት፤ የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ ያኔ ሰባት ዓመት ከመንፈቋ። ሁለት በሬም ነበረው። በእኛ በደጋው ሁለት በሬ ያለው ሰው ሀብታም አይባልም፤ ግን የማንንም ደጅ አይጠናም።

በዚያ ዓመት በልጉ ዘገየ። የአንኮበር ሰው ገብሱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከበልጉ ነው፤ የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ከቀረ ሰኔ ላይ የሚታጨድ የለም። መጋቢት አጋማሽ ላይ ስሄድ መሬቱ አቧራ ነበር። ወንድሜ ከቅዳሴ መልስ እቤት ሳንገባ፣ ሚስቱ በማትሰማበት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ አቁሞኝ ሐሳቡን ነገረኝ። ጎተራው እስከ ግንቦት ቢያደርስ ነው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን አሁን፣ ሥጋውም ዋጋውም ሳይወርድ ቢሸጠው፣ በገንዘቡ ከቆላ ማሽላ ገዝቶ እስከ ኅዳር አጨዳ ልጆቹን ያደርሳል። ካልሸጠው ደግሞ ለክረምቱ እርሻ ጥማዱ አይጎድልበትም፤ ማሽላውንም ትንሽ በትንሹ እየገዛ ሊገፋ ይችል ይሆናል። ሁሉም የሚወሰነው በማሽላው ዋጋ ነው።

"ወረቀትሽ ምን ይላል?" አለኝ።

ገብተን የማሽላውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ መደቡ ላይ ዘረጋሁለት። ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ነጥብ ሁሉ እንደ ማገር ተጋድሟል። ወደ ላይ ቀና ያለች አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ከሥሩ ያሰመርኩት መስመር አምስት ቦታ ላይ ነጥቦቹን ይነካል። የመስመሩን ወግ፣ ሦስተኛውን ነጥብ፣ የቁጥሮቹን መጨናነቅ ሁሉ አስረዳሁት። ከዚያ ማሽላው አይንቀሳቀስም፣ በሬህን አትሽጥ፣ ታገስ አልኩት።

ወንድሜ በልጅነቱ ብራና መጻፍ ተምሯል። በእሱ ሙያ ጸሐፊው መጀመሪያ ብራናውን በወስፌ ያሰምራል፣ ከዚያ ቃሉን በመስመሩ ላይ ያስቀምጣል፤ መስመሩ ከተጣመመ መጽሐፉ ከነቃሉ ይበላሻል። በእኔ ሙያ ደግሞ ነጥቡ ይቀድማል፣ መስመሩ ይከተላል፤ ነጥቡ ውሸት ከሆነ መስመሩ ቀጥ ማለቱ ምንም አይፈይድም። ይህን ልዩነት ያኔ እኔም አላሰብኩት። እሱ ግን ጣቱን በመስመሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈና፣ እንዲህ አድርጎ ያሰመረ እጅ አይሳሳትም ብሎ በሬውን ሳይሸጥ ቀረ።

በልጉ ጨርሶ ቀረ። ግንቦት ላይ ስሄድ የወንድሜ ሚስት፣ ከገበያ ስትመለሺ አንድ ቁና ማሽላ ያዥልኝ ብላ ባዶ ስልቻ ሰጠችኝ። ምንም የተለየ ነገር አልመሰለኝም።

አሊዩ አምባ ሁልጊዜ ዋጋ የምጠይቃቸው አንዲት ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ማሽላና ጨው የሚሸጡ፣ ቀጠን ያሉ እስላም ሴት። ከሌሎቹ ሁሉ በትሕትና የሚመልሱልኝ እሳቸው ስለነበሩ እወዳቸዋለሁ። እንደ ልማዴ የማሽላውን ዋጋ ጠየቅኳቸው። ያው ተመኑን ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስልቻውን አወጣሁና አንድ ቁና ይስፈሩልኝ አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ከኋላቸው ሌላ ቁና ስበው ማሽላውን ዛቁ፤ አፉ ላይ ያለውን በመዳፋቸው ጠረጉና ስልቻው ውስጥ ገለበጡት። አለቀ። ሁለተኛ እጃቸውን አልዘረጉም።

በእኛ አገር እህል እንዲህ አይሰፈርም። ሻጭ ቁናውን እስኪፈስ ይቆልላል። ከሰፈረ በኋላም አንድ ሁለት እፍኝ ይጨምራል፤ ምርቃት ይባላል። ምርቃት የሌለበት ግዢ ጠብ ነው። የቄስ ልጅ ብሆንም እናቴ ገበያ ትልከኝ ስለነበር ይህን አልስተውም። ምርቃቴስ እማማ አልኳቸው። ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ወላሂ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋ ስትጠይቂኝ አንድ ቁና ገዝተሽኝ አታውቂም። ለጠያቂ ተመኑን እነግራለሁ፤ ለገዢ ግን ያለውን እሰፍራለሁ። ዋጋ ብጨምር ያስሩኛል። ቁልሉን ባጎድል ማን ያስረኛል?"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እህሉን እያንገዋለሉ በቀስታ ነገሩኝ። ከጥምቀት በኋላ ምርቃቱ ቀረ። ሁዳዴ ሲገባ ቁልሉ ቀረ፤ በመዳፍ መጥረግ መጣ። ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ከቁናው ሥር ጭድ ይጠቀጠቃል። ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ይህን የማያውቅ ገዢ የለም፤ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ አሉኝ። አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስልቻው ቀላል ነበር፤ ቅለቱ ነበር የከበደኝ። አንኮበር ስደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። የወንድሜን ሚስት ቁናዋን ተቀብዬ ማሽላውን ስገለብጠው ወገቡ ላይ ቀረ። እሷ ቁናውን አየች፣ ልጆቹን አየች። ቁርበት አስነጥፌ፣ የጎረቤት ማሽላ ተበድሬ፣ በእፍኜ መቁጠር ጀመርኩ። የጥቅምቱ ቁና ከነቁልሉና ከነምርቃቱ ስንት እፍኝ ነው? ምርቃቱ ሲቀር ስንት? ተጠርጎ ስንት? የዛሬውስ? ዋጋውን ለእያንዳንዱ የእፍኝ ቁጥር አካፈልኩና አራቱን ነጥቦች በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከተጋደመው መስመሬ በላይ አስቀመጥኳቸው።

ማስመሪያውን ሳስጠጋው አራቱም ነኩ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ መስመር ነበር። ማሽላው በእኩል እጅ፣ ያለ አንድ ቀን እረፍት፣ ሰባት ወር ሙሉ ሲወደድ ነበር የኖረው። እንደዚያ የቀና መስመር ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አሰምሬ አላውቅም። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበር። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"በሬውን ሽጠው ጋሼ" አልኩት። "ዛሬ ነገ ሳትል ሽጠው። መጋቢት ላይ ያልኩህ ስህተት ነው።"

"እንግዲህ እግዜር ያውቃል፤ አንቺ ምን ታደርጊ" አለኝ። ልቤን የሰበረው ይኸው ነው። ቢቆጣኝ እኔም እቆጣ ነበር፤ መቆጣት አውቅበታለሁ።

በሬው የተሸጠው ሰኔ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በሬውን የማይሸጥ ሰው ስላልነበረ የከብቱ ዋጋ ወርዶ ወርዶ ከበግ ዋጋ ብዙ አይርቅም ነበር። መጋቢት ላይ ቢሸጥ እስከ ኅዳር የሚያደርስ እህል ያመጣ የነበረው በሬ፣ ሰኔ ላይ ያመጣው እስከ ነሐሴ ብቻ የሚበላ ሆነ። ክረምቱን ወንድሜ አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ አረሰ፤ ሁለት ቀን ለጎረቤቱ፣ ሁለት ቀን ለራሱ። ዘሩ ዘግይቶ ስለወደቀ የኅዳሩም ተስፋ ሳሳ። ከደመወዜ ቀንሼ እልክ ነበር፤ ግን ማሽላው የሚወደደው እኔው ባወጣሁት መስመር ነውና፣ ገንዘቤ የሚገዛው በዚያው ልክ በየወሩ ያንስ ነበር።

አዲሱን መስመር ለኃላፊዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፤ የቁናውንና የመዳፉን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ይህ ወደ በላይ አለቆች አይሄድም አሉኝ፤ ቅጹ ላይ ያለው አንድ ሣጥን ነው፣ እሱም የሚቀበለው በገበያ የተነገረውን ዋጋ ነው። ጮህኩባቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ አንቺ ለራስሽ ያዢው፣ አታቋርጪው አሉኝ። ያኔ ፈሪ ናቸው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው በእሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ነጋዴዋን ማን እንደሆነች ይጠይቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት መስመር ያዝኩ፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤት፣ አንዱ ለእኔ። ለእኔው ስል በሄድኩበት ገበያ ሁሉ አንድ ቁና እገዛ ነበር።

መስከረም እንደገባ ወንድሜ የመጀመሪያ ልጁን ይዞ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን መጣ። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ የአንኮበር ልጅ ሆና እንኳ የደብረ ብርሃን ብርድ በርትቶባታል። እሱ በራፌ ላይ ቆሞ አልገባ አለ። አራቱንም መመገብ እንዳቃተው፣ እሷ ትልቋ ስለሆነች መለየቱን እንደምትችለው፣ እናቷ ግን ከትናንት ጀምሮ እንደተኛች ነገረኝ። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"ለአንድ ዓመት ብቻ ነው እቱ። በሬ እስክገዛ። ለአንድ ዓመት ያዥልኝ።"

ዛሬ ልጄ የምላት እሷን ነው።

ያኔ ግን ልጄ አልነበረችም፤ አብራኝ የምታድር የወንድሜ ልጅ ነበረች። እኔም ልጅ ማሳደግ አላውቅም፤ ባል አላገባሁ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ከፕሪመስ ምድጃዬና ከወረቀቶቼ ጋር የምኖር ሴት ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየጠዋቱ እናቷን ትጠይቀኝ ነበር። በደብረ ብርሃን ፋብሪካ በተሠራ ብርድ ልብስ ጠቅልያት አብረን ስንተኛ እግሯ እስኪሞቅ ትንቀጠቀጣለች። ሁለተኛ ክፍል አስገባኋት። ኅዳር ላይ ጥያቄው በሦስት ቀን አንዴ ሆነ። ከገና በኋላ ደግሞ ከሥራ ስመለስ መንገድ ወጥታ ትጠብቀኝ ጀመር፤ ስታየኝ አትሮጥም፣ ዝም ብላ መጥታ ቦርሳዬን ትቀበለኛለች። ማስመሪያ አያያዝ አስተማርኳት። የተበላሹ ወረቀቶቼ ጀርባ ላይ ቤት ትስላለች፤ በሩ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትቆማለች። ማን ናት ስላት "አንቺ" አለችኝ። እናትሽ መስላኝ ነበር ማለት ፈልጌ አልቻልኩም። ደስታዬ አስፈራኝ።

በተከታዩ ዓመት በልጉ ያዘ። የካቲት መጨረሻ ላይ ዝናብ ገባ፣ መጋቢትንም አልለቀቀም፤ ሰኔ ላይ የአንኮበር ተራራ ገብስ በገብስ ሆነ። እኔም በየገበያው ቁናዬን እየገዛሁ በእፍኝ እየቆጠርኩ፣ የራሴን መስመር ስከተል ነበር። ግንቦት ላይ ዋጋው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስመሩ በታች ወረደ። አንድ ነጥብ ነው ብዬ አላመንኩትም። ሰኔ ላይ ሁለተኛው መጣ። ሐምሌ ላይ አሊዩ አምባ ስወርድ እማማ ጭዱን ከቁናው አራግፈው፣ ቆልለው ሰፈሩልኝ፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ውሰጂ ልጄ" ብለው ሁለት እፍኝ ጨመሩልኝ። ሦስተኛው ነጥብ ያ ነበር። ወረቀቱ ላይ አዲስ መስመር አሰመርኩ፤ ወደ ታች የሚሄድ፣ የቀና፣ የማያጠራጥር። ያን ክረምት እማማ ሲመርቁልኝ ደስ ያላለው የአገሩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወንድሜ ደብዳቤ በሰው እጅ ደረሰኝ። ቆንጆ የብራና እጅ ጽሕፈት አለው፤ ፊደሉ ሁሉ በማይታይ መስመር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የበልጉን ገብስ እንዳስገባ፣ ግን በሬ ለመግዛት እንዳልደፈረ ጽፏል። ዋጋው እውነት የሚረጋ ከሆነ ገብሱን ሸጦ በሬ ይገዛል፣ ልጅቷንም ለእንቁጣጣሽ መጥቶ ይወስዳታል። እናቷ ጎጆው ውስጥ ልጅቷ ትተኛበት የነበረውን ቦታ እንኳ ለማንም አላስነካችም ይላል። ደግሞ ተመልሶ የሚወደድ ከሆነ ግን ልጅ አመላልሶ ማስራብ ኃጢአት ነው፤ ትንሽ ይታገሳል። ከእኔ በቀር የሚጠይቀው ሰው የለም። "ወረቀትሽ ምን ይላል?" ብሎ ጨርሷል።

ልጅቷ ያኔ በሩ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከመሥሪያ ቤት ነው አልኳት።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በሬም ገዛ፣ ሌሎቹንም ልጆች አሳደገ። በየዓመቱ በዓል ሲሆን ልጅቷን ይዤለት እሄድ ነበር፤ እናቷ አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ልጅቷም ታለቅሳለች፣ ሲመሽ ግን መጥታ ከእኔ ጎን ትተኛለች። ወንድሜ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ ብሎ አመሰገነኝ፤ ያንን ምስጋና ተቀብዬ ቀበርኩት። በመጋቢቱ ስህተት አዝኛለሁ፤ ግን ስህተት ነው፣ ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ ቀለለኝ። ስለ ነሐሴው ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ማዘኔን አላውቅምና። ልጄ ይህን ስታነብ የፈለገችውን ትበለኝ።

በዚያን ዕለት ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ እንደተጠቀለለ ትቼ፣ ሳላየው፣ ለወንድሜ መልስ ጻፍኩ። ዋጋው ገና አልለየለትም፤ ገብስህን አትንካ፤ ልጅቷም እዚሁ ትቆይ አልኩት። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ሳይሄድ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በማግስቱ ልጅቷን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩና ሦስተኛ ክፍል አስመዘገብኳት። መዝጋቢው የእናት ስም ሲለኝ የራሴን ስም ሰጠሁት።